ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሄዱ

10 ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ። ጉባኤው በብዙ ቦታ አንድ ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ስብከቱ ነው። መዝሙር ላይ መሪው «1፣ 2 እና 4» ካለ ሦስተኛው አንቀጽ ይዘለላል ማለት ነው፤ እንግዳ ብቻውን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። የመባው ሳህን ሲደርስዎ ለቀጣዩ ሰው ቢያቀብሉ ይበቃል።

የጌታ እራት በየሳምንቱ ላይኖር ይችላል። ካለ፣ ቁራሽ ኅብስትና በትንንሽ ብርጭቆ የተቀዳ፣ ብዙውን ጊዜ አልኮል የሌለው የወይን ጭማቂ ይዞራል። ቶሎ አይጉረሱ፤ በብዙ ቦታ ሁሉም ከያዘ በኋላ ነው አብሮ የሚወሰደው። አንዳንዶቹ ለአባላት ብቻ ስለሚሰጡ ከመዞሩ በፊት የሚነገረውን ያዳምጡ።

በብዙ ቦታ መጨረሻ ላይ መጋቢው ወደ ፊት ኑ ይላል፤ ጥሪው ክርስቶስን ለመቀበል ወይም አባል ለመሆን ለወሰነ ነው። ባሉበት መቆየት ነውር የለውም።