ነጥቤ ሲጨምር ሕመሜ ባሰ

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ስምንት ወር ሆኖኝ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የዘመዳችን ሠርግ ላይ ነን። ጉራግኛ ሲከፈት ሰው ሁሉ ግር ብሎ ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ። ሁለቴ እንኳ ሳልዘል የሞቀ ነገር በጭኔ ሲወርድ ተሰማኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጥኩ። ከዚያ በኋላ ሠርግ ስሄድ ሞዴስ ሳልይዝ አልወጣም። ጉራግኛ ሲመጣ ደግሞ ልጅ አቅፌ እቀመጣለሁ።

ስስቅ፣ ሳስነጥስ፣ ልጁን ከመኪና ሳወርድ ሽንቴ ያመልጠኛል። ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ልጄ፣ የወለደች ሁሉ ያለባት ነው፣ ቻል አድርጊው" አለችኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ደንግጣ "ፊስቱላ ነው እንዴ?" አለች። አይደለም። ፊስቱላ ምጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሚፈጠር ቀዳዳ ነው፣ ሽንቱ ያለማቋረጥ ይፈስሳል። የእኔ የሚመጣው ሆዴ ውስጥ ድንገት ግፊት ሲበዛ ብቻ ነው። ሁለቱ ግን ጨርሰው አይራራቁም። ቀዳዳው በቀዶ ጥገና ከተዘጋ በኋላም ሽንት የሚያመልጣቸው እናቶች አሉ። አዲስ አበባ ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) የሚሰጠውም ለዚህ ጭምር ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ስቅለት ነበር። ስግደት ማለት መጎንበስ፣ መውደቅ፣ መነሳት ነው። ሽንት እያመለጠኝ በምን ድፍረት ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ? ያን ዓመት ባለቤቴ ሲገባ እኔ ልጆቹን ይዤ መኪና ውስጥ ዋልኩ። ጸሎቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማኝ ነበር። አለቀስኩ።

የዳሌ ወለል ጡንቻ የሚባለውን ያኔ ነው ያወቅኩት። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ድረስ የተወጠረ ጠፍር ነው። የሽንት ፊኛ፣ ማህፀንና የትልቁ አንጀት መጨረሻ ከላዩ ተቀምጠዋል። እርግዝናና ምጥ ያረግቡታል። መፍትሔው በእንቅስቃሴ መልሶ ማጠንከር ነው።

እኔም ኢንተርኔት ላይ አንድ መሣሪያ ገዛሁ። አውራ ጣት የሚያክል፣ ለስላሳ ሲሊኮን ነው። ብልት ውስጥ ይገባና ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ስጨምቀው ስክሪኑ ላይ ያለች ኳስ ከፍ ትላለች። ልጆቹ ሲተኙ በር ዘግቼ ለአምስት ሳምንት ሠራሁ። ነጥቤ በየቀኑ ጨመረ፣ አፑም "ጎበዝ" ይለኛል። ማምለጡ ግን ባሰ። በፊት ስስቅና ሳስነጥስ የነበረው ደረጃ ስወርድም መጣ።

በመጨረሻ በዚህ ሙያ የሠለጠነች ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሄድኩ። ጓንት አድርጋ፣ ፈቃዴን ጠይቃ፣ በጣት መረመረችኝ። "ጨምቂና ወደ ላይ ሳቢ" አለችኝ። ባለ በሌለ ኃይሌ ሠራሁ። ትንሽ ዝም አለችና "አሁን እየገፋሽ ነው። ልጅ ስትወልጂ የምታደርጊውን ነው የምታደርጊው" አለችኝ።

አምስት ሳምንት ሙሉ ጠፍሩን ወደ ታች ስረግጠው ነበር ማለት ነው። መሣሪያው አልተበላሸም። የግፊት ሴንሰር የሚያውቀው መጨመቁን ብቻ ነው። ጡንቻው ከጎን ቢጨምቀው፣ ሆድም ከላይ ቢጫነው፣ ለእሱ ያው ግፊት ነው። ኳሷ በሁለቱም ትወጣለች።

በዚህ የተሳሳትኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ይህን ስፖርት ሲያስተዋውቅ ራሱ የግፊት መለኪያ ይጠቀም ነበር፣ ሴትየዋ የምትሠራውን እንድታይ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ቦታ መለኪያው ቀረና "ሽንት እንደምትይዢ አድርጊ" የሚለው ቃል ብቻ ተረፈ። በ1991 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በ47 ሴቶች ላይ በተሠራ ጥናት፣ በቃል ብቻ ከተነገራቸው በትክክል የሠሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ሩብ ያህሉ ችግሩን ሊያብስ በሚችል መንገድ ነበር የሠሩት። እኔ ከሩቡ ውስጥ ነበርኩ።

ከዚያ የሚለጠፉት ሴንሰሮች መጡ። ሁለት ትንንሽ ተለጣፊዎች ከፊንጢጣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ሆድ ላይ፣ አንድ ዳሌ አጥንት ላይ። ሽቦዎቹ ቀበቶ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ጡንቻ ሲሠራ የሚያመነጨውን ደካማ ኤሌክትሪክ ያነባሉ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ሰማያዊው የዳሌ ወለል፣ ቀዩ የሆድ። ሥራዬ ቀዩን አስተኝቶ ሰማያዊውን ማንሳት ነው። የመጀመሪያ ቀን ሁለቱ አብረው እየተነሱ አብረው ወደቁ። ትንፋሼን ይዤ ነበር። እያወጣሁ ስሞክር ቀዩ ዝቅ አለ።

ይሄም ቢሆን ይታለላል። ጭኔን ሳጣብቅ ወይም መቀመጫዬን ስጨምቅ ሰማያዊው ይዘላል፣ ምክንያቱም ሴንሰሩ የጎረቤት ጡንቻንም ይሰማል። ስለዚህ ጉልበቴን ከፍቼ፣ አንድ እጄን መቀመጫዬ ላይ አድርጌ መሥራት ለመድኩ።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር አሳየኝ። ጡንቻውን ስለቅ ሰማያዊው መስመር እስከ ታች አይመለስም። ግማሽ መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለካ እንዳያመልጠኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ጨምቄ ነው የምውለው! የደከመ ጡንቻ ደግሞ ሳል ሲመጣ አቅም የለውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሠራነው መልቀቅን ብቻ ነው። በጎን ተኝቼ፣ ሆዴ እስኪነፋ ወደ ውስጥ እየተነፈስኩ፣ መስመሩ ቀስ እያለ ሲወርድ ማየት። ለእኔ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ብቻዬን ብሆን በፍጹም አላገኘውም ነበር።

በመጨረሻ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ያለበትን፣ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሞከርኩ። ይሄኛው ጡንቻው ሲነሳ መሣሪያው ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ ይለካል፣ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ይለያል። ቆሞ ነው የሚሠራው። የመጀመሪያዬ እንዲህ ያለ ቢሆን ኖሮ መግፋቴን ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግረኝ ነበር።

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ቢያንስ 8 ጊዜ መጨመቅ፣ በቀን ሦስቴ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር ይላል። እኔ የጠዋቱን አቦል፣ የቀኑን ቶና፣ የማታውን በረካ አልኳቸው፣ እንዳልረሳ። ከሳልና ከማስነጠስ በፊት ደግሞ ቀድሞ ሰብሰብ ማድረግ ተማርኩ። ጊዜው ከጠንካራነቱ እኩል ይጠቅማል።

እህቶቼ፣ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ መግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ተመርመሩ። አንዴ ብቻ ቢሆን እንኳ። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ገና አራስ ከሆናችሁ፣ ኢንፌክሽን ወይም ሕመም ካላችሁ ደግሞ ሐኪም ሳትጠይቁ አትንኩት። አፑ መረጃችሁን ለማን እንደሚሰጥም አንብቡ።

ልምምዱን በጀመርኩ በአምስተኛው ወር ስቅለት ደረሰ። ጉንፋን ሲይዘኝ ዛሬም ጠብ ይላል፣ ስለዚህ ሞዴስ አድርጌ ሄድኩ። ከእያንዳንዱ ስግደት በፊት ትንፋሼን አወጣለሁ፣ ሰብሰብ አደርጋለሁ፣ እጎነበሳለሁ። ስነሳ እለቃለሁ። አመሻሽ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጠብጠብ አድርገው የምሰግደውን ቁጥር ነገሩኝ። እሱንም እዚያው ጨረስኩ። ቤት ገብቼ ሳየው ሞዴሱ ደረቅ ነበር። ለእናቴ ደወልኩላት።