«የጥበቃ ቡድን» ስል አለቃዬ ዘበኛ የምቀጥር መስሎት ነበር

አለቃዬ «ሰሞኑን ምን ላይ ነህ?» ሲለኝ «የጥበቃ ቡድን እያዋቀርኩ ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «አቦ፣ ያሉን ሁለት ዘበኞች መቼ አነሱን?» አለኝ። እኔ የማወራው ስለ ኮምፒውተር ነው። ለባካፕ፣ ማለትም ለመጠባበቂያ ቅጂ የምንጠቀምበት ቪም የሚባል ፕሮግራም፣ አንድ ላይ የሚጠበቁ ኮምፒውተሮችን በቡድን ያደርግና ፕሮቴክሽን ግሩፕ ይላቸዋል። በአማርኛ ልንገረው ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። 63 ኮምፒውተር አለን። እስከ አምና ባካፕ ማለት ፍላሽ ነበር። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ አርብ አርብ ፋይሎቿን ገልብጣ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ በቃ። ሰርቨሩ ደግሞ ምድር ቤት ተቀምጧል። ድሬ ላይ ስለ ምድር ቤት ሲወራ የደቻቱ ወንዝ መነሳቱ አይቀርም። በሐምሌ 1998 ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አጎቴ ነፍሱ ተርፋ የዱቤ ደብተሩ ሄደበት። ማን ስንት እንዳለበት እስከ ዛሬ አያውቅም። ስለዚህ ሥራውን ስጀምር አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ሁለተኛው ቅጂ እዚህ ከተማ አያድርም። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ዲስክ ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ቅርንጫፋችን ይገባል። ሚኒባስ ላይ ዕቃ መርሳት ብርቅ አይደለምና ዲስኩን በፓስዎርድ ቆልፈነዋል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን በማውስ እየነካካሁ ላስገባ ሞከርኩ። ስም ጻፍ፣ ዩዘር ምረጥ፣ ቀጥል፣ ቀጥል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ አንዱን ሁለት ጊዜ እንዳስገባሁ፣ አንዱን ደግሞ እንደዘለልኩ አየሁ። ትቼው ወደ ፓወርሼል ሄድኩ፤ በማውስ ፋንታ ትዕዛዞችን ጽፈህ የምታሠራበት ነው፣ ተራ በተራ የተጻፉት ትዕዛዞች ደግሞ ስክሪፕት ይባላሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ኤክሴል ላይ ዝርዝር ይዘጋጃል፤ የኮምፒውተሩ ስም፣ ቡድኑ፣ ባካፕ የሚወሰድበት ሰዓት። ስክሪፕቱ ዝርዝሩን መስመር በመስመር ያነባል፣ በቡድን ይለያል፣ ቡድኑን ይፈጥራል።

ከስክሪፕቱ በላይ ጊዜ የበላው ዝርዝሩ ነው። ግማሾቹ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ ራሱ ባወጣላቸው ስም ነው የሚጠሩት፤ ዴስክቶፕ ይልና ትርጉም የሌለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ይከተላል። የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀትና ፕላስተር ይዤ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ።

ደግነቱ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ምንም ሳይነካ ሊሠራ ያሰበውን ብቻ እንዲያሳየኝ አድርጌው ነበር። ሳስነሳው ሒሳብ ክፍልና ካዝና አንድ ቡድን ሆነው መጡ። ስማቸውን ሳየው ሦስት የጥያቄ ምልክት ነው። ኤክሴል ፋይሉን ስክሪፕቱ በሚያነበው ተራ የጽሑፍ ዓይነት፣ በተለመደው ሲኤስቪ ሲያስቀምጠው የግዕዝ ፊደል አይዝም፤ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። «ሒሳብ» ሦስት ፊደል፣ «ካዝና» ሦስት ፊደል። ለስክሪፕቱ አንድ ናቸው። መጋዘን አራት ፊደል ስለሆነ ብቻ ተረፈ! መፍትሔው ሲቀመጥ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን መምረጥ ነው። በእንግሊዝኛ ጻፈውና ተገላገል ያለኝ ነበር። እምቢ አልኩ። ዝርዝሩን ነገ የሚከፍተው የመጋዘን ሠራተኛ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ሁለተኛው ስህተት ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል። ከሳምንት በኋላ ለሒሳብ ክፍል አንድ አዲስ ኮምፒውተር መጣ። ልጨምረው አልኩና በእንግሊዝኛው «Set» ብሎ በሚጀምረው ትዕዛዝ የቡድኑን ዝርዝር በአዲሱ ስም ሞላሁት። ስህተት የሚል ቀይ ጽሑፍ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ሪፖርቱን አያለሁ፣ አረንጓዴ ነው፣ ተሳክቷል ይላል። በአራተኛው ቀን ነው አንድ ቁጥር ዓይኔ ውስጥ የገባው፤ ከሒሳብ ክፍል ባካፕ የተወሰደለት ኮምፒውተር አንድ ብቻ። ለካ ያ ትዕዛዝ አይጨምርም፣ ይተካል። አዲሱን ሳስገባ አሥራ ሦስቱን ነባሮች አስወጥቼ ነበር። አንዱ ደግሞ በሰላም እየተገለበጠ ስለነበር ሪፖርቱ አልዋሸም። አራት ሌሊት አሥራ ሦስት ኮምፒውተር ያለ ባካፕ አደረ፣ ያውም በወር መጨረሻ። አሁን ስክሪፕቱ መጀመሪያ ነባሮቹን ያነባል፣ አዲሱን ከእነሱ ጋር ይደምራል፣ ከዚያ ነው የሚጽፈው። በፊት ስንት ነበሩ፣ አሁን ስንት ሆኑ ብሎም ይቆጥራል። ካነሰ ይቆምና ይጠይቀኛል። በሪፖርቱም ከቀለሙ በፊት ቁጥሩን ነው የማየው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከካዝና ኃላፊው ጋር ተቀምጠን «ስምንት ሰዓት ላይ ይሁን፣ ሰው የለም» ተባባልን። ከሌሊቱ ማለታችን ነው። እኔም ዝርዝሩ ላይ 8:00 ብዬ ጻፍኩ። ለኮምፒውተሩ 8 ማለት ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው! ሰኞ ልክ ሥራ ሲገባ 18 ኮምፒውተር አንድ ላይ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጂ ሁሉንም ነገር ነው የሚወስደው፤ ከዚያ በኋላ የሚሄደው የተለወጠው ብቻ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው መስመራችን 100 ሜጋቢት ነው፤ ቢበዛ ቢበዛ በሰዓት 45 ጊጋባይት ያሳልፋል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር 40 ጊጋባይት ገደማ አለው። አባዛሁት፣ 16 ሰዓት መጣ። ይህን ያሰላሁት ግን ካዝና ፊት የተሰለፈው ባለጉዳይ «ወርያ፣ ዛሬም ኔትዎርክ የለም በሉን!» ካለ በኋላ ነው። አሁን ዝርዝሩ ላይ ሁለት የሰዓት ዓምድ አለ። አንዱ የእኛ፣ አንዱ የኮምፒውተሩ። ስክሪፕቱ በሁለቱ መካከል የስድስት ሰዓት ልዩነት ካላገኘ ያንን መስመር አይቀበለውም።

ከዚያ በኋላ ቡድኖቹን ራሳቸውን አፈረስኳቸው። በክፍል መከፋፈሉ ወረቀት ላይ ያምራል፣ ግን ባካፕ ክፍል አያውቅም። የሚያውቀው ኮምፒውተሩ በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን ነው። እኛ ጋ ፀሐዩ ሲበረታ ሰው ሁሉንም አጥፍቶ ምሳ ይሄዳል፣ መጋዘኖቹ እንዲያውም ከሰዓት አይመለሱም። ስለዚህ አከፋፈሉን መቼ ይበራል በሚለው አደረግኩት። ሌሊት የሚያድሩት አንድ ቡድን ሆኑ፣ ሲወጡ ስክሪን ብቻ እንዲያጠፉ ለምኜ። ረፋድ ላይ ብቻ የሚበሩት ሌላ ቡድን፣ ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ መስመሩን አያጨናንቁም። ላፕቶፖቹ ለብቻቸው ሆኑ። ለእነሱ፣ በሰዓቱ ጠፍተው ከነበሩ ሲበሩ ባካፕ እንዲወሰድ የሚያደርግ ምርጫ አለ።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ አንድ ኮምፒውተር አስቸገረኝ። የእንግዳ መቀበያው ነው። ከሌሊት ቡድን ውስጥ ነው፣ ማታ ስወጣ በርቷል፣ ጠዋት ሪፖርቱ ላይ የለም። ፋየርዎሉን አየሁ፣ ፓስዎርዱን ቀየርኩ፣ ስክሪፕቱን ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አነበብኩ። ምንም።

አንድ ማታ ቻርጀሬን ረስቼ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ዘበኛችን ሸሚዙን ከፍቶ፣ ቬንትሌተር ከፊቱ አቁሞ ተቀምጧል። የቬንትሌተሩን ገመድ በዓይኔ ተከተልኩት። የኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው። «አቦ ሙቀቱን አታይም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም አልቦኛል። በማግስቱ ታይዋን ገበያ ወርጄ ዲቫይደር ገዛሁለት።