ዩኤስቢ ሰክተው ኮምፒውተሩ ዝም ሲል

ፍላሽ ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ዝም ካለ ብዙ ሰው ወዲያው ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ከተሰካው ዕቃ ጋር የሚግባባበት ሶፍትዌር) ፍለጋ ይገባል። የፍላሽ፣ የማውስና የኪቦርድ ድራይቨር ግን ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ከማይታወቅ ገጽ የሚወርድ «ድራይቨር ማደሻ» ቫይረስ ይዞ ሊገባ ስለሚችል እባክዎ ይተዉት።

መጀመሪያ ቀዳዳ ይቀይሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለው ይሰኩ፤ የፊተኞቹ በገመድ ተቀጥለው የመጡ ናቸው። ገመዱንም ይጠርጥሩ። አንዳንዱ የስልክ ገመድ ቢላጥ ውስጡ ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ነው። ቻርጅ ያደርጋል፤ ዳታ የሚያመላልሱት አረንጓዴውና ነጩ ግን የሉም። በዚህ ገመድ የትኛውም ድራይቨር አይሠራም።

ካልሆነ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤክስን አብረው ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን (የተሰኩት ዕቃዎች የሚታዩበትን) ይክፈቱ። ቢጫ ምልክት ያለበትን ሁለቴ ክሊክ ሲያደርጉ የኮድ ቁጥር ይመጣል። 28 ከሆነ ድራይቨር የለም፤ ከአምራቹ ድረ ገጽ ያውርዱ። 43 ከሆነ ግን ዕቃው ችግር አለብኝ ስላለ ዊንዶውስ አቁሞታል። ራይት ክሊክ አድርገው አንኢንስቶል ይበሉ፣ ዕቃውን ይንቀሉና ሪስታርት ያድርጉ። ሻት ዳውን አይበቃም። ፋስት ስታርታፕ የበራበት ኮምፒውተር ሲጠፋ የድራይቨሮቹን ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሲነሳ ያንኑ ይመልሳል፤ ሪስታርት ሲደረግ ነው ከዜሮ የሚጀምረው።

ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ እያለ አልነሳ ካለ ኃይል አንሶት ይሆናል። የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፔር ይሰጣል፣ 3.0 ደግሞ 900። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚያበዛው) ይህችኑ ለተሰካበት ሁሉ ያካፍላል፤ ስለዚህ ዲስኩን ከሃቡ ነቅለው በቀጥታ ይሰኩት። ያኔም ቀጭ ካለ ዲስኩ ራሱ እየተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ደጋግመው አያስነሱት።

እየሠራ ቆይቶ ለሚጠፋ ዕቃ እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብን ከፍተው፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ውስጥ ኃይል ለመቆጠብ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት ያንሱ።

ፍላሹ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ እየታየ ፋይል የሚከፈትበት ቦታ ከሌለ፣ በዚያው በዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስ ከሚመጣው ዝርዝር ዲስክ ማኔጅመንት ገብተው የድራይቭ ፊደል ይስጡት። «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅና የሚፈልጉት ፋይል ውስጡ ካለ ካንስል ይበሉ። መጀመሪያ ፋይሉን በሪከቨሪ ሶፍትዌር ወደ ሌላ ዲስክ ያውጡ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።