ዓይኖቼን ጠብቅልኝ

እግዚአብሔር ይመስገን። ምስክርነት መስጠት ብዙም አልለመድኩም። የማወራው ሁሌ ስለ ሌላ ሰው ዓይን ነው።

የዓይን ቀዶ ሐኪም ነኝ። የምሠራው ሬቲና ላይ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ስስ ሽፋን ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ስኳር ያለባቸው ናቸው። ስኳር ዓይንን የሚጎዳው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር የሬቲናን ጥቃቅን የደም ሥሮች ያዳክማል። ገሚሶቹ ያፈስሳሉ፣ ገሚሶቹ ይዘጋሉ። ደም ያጠረው ሬቲና አዲስ የደም ሥር ያበቅላል። የሚበቅለው ግን ስስና ደካማ ነው። አንድ ቀን ይፈነዳና ዓይን ውስጥ ደም ይሞላል፤ ወይም ጠባሳ ሠርቶ ሬቲናውን ከቦታው ይነቅለዋል። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰውየው ጥርት አድርጎ ሊያይ ይችላል። ክፋቱ እሱ ነው። "ዶክተር፣ ትናንት እኮ አይ ነበር" ያሉኝን ሰዎች ቆጥሬ አልዘልቃቸውም።

ቀዶ ሕክምና ከመግባቴ በፊት፣ እጄን ስታጠብ የምላት አጭር ጸሎት አለችኝ። "ጌታ ሆይ፣ እጆቼንና ዓይኖቼን ጠብቅልኝ።" ለዓመታት ብያታለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ አፌ ብቻ የሚላት ቀን ይበዛ ነበር። "ዓይኖቼን" ስልም ማይክሮስኮፕ ሥር ጥሩ አድርጌ እንዳይ ማለቴ ነው። ሌላ ነገር አስቤ አላውቅም።

እኔም ስኳር አለብኝ። ዓይነት ሁለት፣ ከታወቀ 9 ዓመቱ። ታካሚዎቼን "በሽታው የታወቀ ዕለት፣ ከዚያም በየዓመቱ፣ ብታዩም ባታዩም ዓይናችሁን ተመርመሩ" እያልኩ እቆጣለሁ። የእኔን ዓይን ማን አየው? ማንም። ጊዜ አልነበረኝማ! ደግሞስ አያለሁ አይደል? እነሱ ሲያመጧት የምስቅባትን ሰበብ እኔው ታቅፌያት ኖሬያለሁ።

አንድ ጠዋት አዲስ የሬቲና ካሜራ ተገጠመልን። የገጠመው ልጅ "ለመሞከሪያ አንድ ሰው ይቀመጥልኝ" አለ። የመጀመሪያው ባለ ቀጠሮ ቀርተው ስለነበር ሥራ አልያዝኩም። ተቀመጥኩ። ብልጭ አለ። ምስሉ ሲወጣ አየሁና "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አልኩ። ለማሳያ ያስቀመጡት ፎቶ መስሎኝ ነው። ነጠብጣብ ደም፣ ቢጫ ቅባት፣ የዓይን ነርቩ ላይ ደግሞ እንደ ሣር ሥር የተጠላለፉ አዳዲስ የደም ሥሮች።

ልጁ ግራ ተጋብቶ "የእርስዎ ነው እኮ፣ ዶክተር" አለኝ።

ተነሥቼ የማንበቢያ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። የመጨረሻዋን መስመር በሁለቱም ዓይኔ ሳልሳሳት አነበብኳት። እጄን ልታጠብ ስሄድ ያቺ ጸሎት አፌ ላይ መጣች፤ መጨረስ ግን አቃተኝ። አለቀስኩ።

ሌዘሩን የሠራችልኝ ያስተማርኳት ሐኪም ናት። ሌዘር ደም ያጠረውን የሬቲና ዳርቻ እየተኮሰ የኦክስጅን ፍላጎቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ደካሞቹ ሥሮች ይከስማሉ። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ይህ ሕክምና ዓይነ ስውር የመሆንን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለተማሪዎቼ ስንቴ አስተምሬዋለሁ። ለታካሚዎቼም "ምንም አያምም" እል ነበር። ያማል! ከሺህ በላይ ነጥብ በየዓይኑ ሲተኮስ፣ በተለይ በጎንና በጎን በኩል፣ ጥርስ ያስነክሳል። ከዚያ ወዲህ ያቺን ውሸት ትቻታለሁ። ማታ ማታ ዕይታዬ ትንሽ ቀንሷል፤ እሱም የሌዘሩ ዋጋ ነው። ሥሮቹ ግን ከስመዋል። ዛሬም ቀዶ ሕክምና እሠራለሁ፣ ክብር ለስሙ ይሁን።

አንድ ባልደረባዬ "አጋጣሚ ነው" አለኝ። አልተከራከርኩትም። እኔ የለመንኩትን አውቃለሁ።

በሳምንቱ፣ ያን ጠዋት የቀሩት ባለ ቀጠሮ ከልጃቸው ጋር መጡ። አዛውንት ናቸው። እንደምቆጣ ስለሚያውቁ ገና ከበሩ "ባለፈው ስለቀረሁ ይቅርታ፣ ዶክተር" አሉ።

"እንኳንም ቀሩ!" አልኳቸው።

ግራ ገብቷቸው ልጃቸውን አዩት።