ለተከራይ የሰጠሁትን ወረቀት እንዴት እንደማስፈርም

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ቤት የሚያከራይ ሰው ከቁልፉ ጋር አብሮ የሚያስረክበው የወረቀት ክምር አለ። አብዛኞቻችን እንሰጣለን። ጣጣው የሚመጣው ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ተከራዩ "እኔ እንዲህ ያለ ወረቀት አይቼም አላውቅ" ያለ ዕለት ነው። ያን ጊዜ "ኧረ በእጄ ነው የሰጠሁት" ብሎ መማል የትም አያደርስም።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን የድሮ ቤታችንን ማከራየት የጀመርኩት ወደ ጀርመንታውን ስንዛወር ነው። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት ዓይኔን የገለጠልኝ የእድራችን አባል የሆነ አንድ ወዳጄ ነው። ተከራዩ ሲወጣ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ የቡና ከሰል ወድቆ መዳፍ የሚያህል ቦታ ተቃጥሏል። ወዳጄ የምንጣፉን ዋጋ ከዲፖዚቱ፣ ማለትም ተከራዩ ሲገባ በመያዣነት ከሰጠው ገንዘብ ቆርጦ የቀረውን መለሰ። ተከራዩ ደግሞ "ዲፖዚት ስከፍል መብቴን የሚነግር ጽሑፍ አልተሰጠኝም" ብሎ ተከራከረ። ተሰጥቶታል። እኔ በበኩሌ ወዳጄን አምነዋለሁ። ግን በእጁ ምንም የለም። በሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዲፖዚት ሲቀበል የተከራዩን መብት በጽሑፍ ካላሳወቀ ለጉዳት ብሎ ከዲፖዚቱ አንድ ሳንቲም መቁረጥ አይችልም። ወዳጄ ምንጣፉንም ከኪሱ ቀየረ፣ ዲፖዚቱንም ሙሉውን መለሰ።

ይህን ስሰማ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ እያለሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ያለ ሞዴል 22፣ ማለትም ያለ ንብረት ማውጫ ቅጽ፣ አንዲት ደስጣ ወረቀት ከመጋዘን አትወጣም። ደብዳቤ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዞ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቀሪው ላይ ሳያስፈርም አይመለስም። የተፈረመበት ቀሪ ከሌለ ደብዳቤው እንዳልተላከ ይቆጠራል። ያኔ የሚያሰለቸኝ ነገር ነበር። አሁን ኪራዩን የማስተዳድረው በዚያው ደንብ ነው።

የወረቀቶቹ አውራ የሊድ ጉዳይ ነው። ሊድ ማለት ድሮ በቤት ቀለም ውስጥ ይገባ የነበረው መርዛማ እርሳስ ነው። አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው። የእኔ ቤት በ1950ዎቹ የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ ይመለከተዋል። በ1992 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ስለ ሊዱ የሚያውቀውን ይናገራል፣ ያለውን የምርመራ ውጤት ያሳያል፣ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያሳተመውን ቡክሌት ይሰጣል፣ ከዚያም ሁለቱም ወገን በቅጹ ላይ ይፈርማሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ተከራዩ በሊዙ፣ ማለትም በኪራይ ውሉ፣ ከመታሰሩ በፊት ነው። ቁልፍ ካስረከቡ በኋላ "እንዲያው ይቺንም ፈርምልኝ" አይሠራም። አከራዩ እያወቀ ከጣሰ ተከራዩ የደረሰበትን ጉዳት 3 እጥፍ ሊካስ ይችላል።

ሜሪላንድ ደግሞ የራሷን ትጨምራለች። እንዲህ ያለውን ቤት በየዓመቱ በግዛቲቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ተከራይ በተቀየረ ቁጥር ፈቃድ ያለው ሰው ቤቱን መርምሮ ሰርተፊኬት ይሰጣል። የሰርተፊኬቱ ኮፒ፣ የተከራይ መብት ማስታወቂያውና ያው ቡክሌት ለተከራዩ ይደርሳሉ። ማስታወቂያውና ቡክሌቱ ተከራዩ እዚያው እየኖረም ቢሆን በየ2 ዓመቱ እንደገና መሰጠት አለባቸው። ሕጉ አሰጣጡንም ይደነግጋል። ወይ የመድረሻ ፊርማ ባለው ሰርቲፋይድ ሜይል ነው፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ በተቀበለው ሊረጋገጥ በሚችል መንገድ ነው። በእጅ ሰጥቶ የተቀባዩን ፊርማ መውሰድ ማለት ነው። በር ሥር ማስገባት፣ በፖስታ ሣጥን መወርወር፣ ለሕፃን ልጅ ማቀበል እዚህ ውስጥ የሉም።

ቤቴ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና የተከራይ መመሪያ መጽሐፍ አለ። ከ2025 ጁላይ ወዲህ ደግሞ የሜሪላንድ የተከራዮች የመብት ሰነድ ከሊዙ ጋር ይያያዛል። የዲፖዚቱ ደረሰኝም አለ፤ የተከራዩ መብት የሚጻፈው እዚያው ላይ ነው። ዲፖዚቱ ራሱ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በተፈረሙ ሊዞች ከተወሰነ ልዩ ሁኔታ በቀር ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ እንደማይችል በነገር ላይ ነገር ልጠቁም፤ ዛሬም ሁለት ወር የሚጠይቁ ሰዎች አጋጥመውኛል።

እንግዲህ እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። አንድ ገጽ የርክክብ ወረቀት አዘጋጀሁ። እያንዳንዱ ሰነድ የራሱ መስመር አለው። ስሙ፣ የገጹ ብዛት፣ የታተመበት ወር ወይም ዓመት፣ ከጎኑ የተከራዩ ፓራፍ (አጭር ፊርማ)። ከታች ሙሉ ፊርማ፣ ቀንና ሰዓት። ብዙ ሊዞች ላይ "አስፈላጊ ሰነዶችን ሁሉ ተረክቤያለሁ" የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች። እኔ አልወዳትም። የትኞቹን ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የላትም። የእትሙን ጊዜ የምጽፈውም ቡክሌቶቹ ስለሚታደሱ ነው። የሰጠሁትን እትም ፒዲኤፍ ከፊርማው ጋር አንድ ላይ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ከድረ ገጽ አውርጄ ባሳይ ያኔ የሰጠሁት ይኸው ነው ብዬ ማስረዳት አልችልም።

ሰዓቱ ደግሞ ጥቅሙ ለቅደም ተከተል ነው። የሊዱ ቅጽም ሊዙም አንድ ቀን ከተፈረሙ የቱ ቀደመ የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ስለዚህ የሊዱን ቅጽ በመጀመሪያ አስፈርሜ ሰዓቱን አስጽፋለሁ፣ ቡና እንጠጣለን፣ ከዚያ ሊዙን እንፈርማለን። ሊዙ ላይ ስማቸው ያለ አዋቂዎች ሁሉ ይፈርማሉ። የባል ፊርማ ለሚስት አይበቃም።

የመጀመሪያዎቹ ተከራዮቼ የአገር ልጆች ናቸው። ወጣት ባልና ሚስት፣ ገና መዳህ የጀመረ ልጅ አላቸው። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋ የባልየው ፊት ቀላ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ፊርማ ምንድን ነው? አያምኑኝም እንዴ?"

እውነት ለመናገር ይህችን ጥያቄ ፈርቼያት ነበር። በእኛ መካከል "ፈርምልኝ" ማለት "ሌባ ነህ" የማለት ያህል የሚከብደው ሰው አለ። "ልጄ፣ ሳላምንህ ቤቴን እሰጥሃለሁ? እኔ ነገ ድንገት ብደፋ ቤቱን የሚረከበው ልጄ አያውቅህም። ያኔ ላንተም የሚመሰክርልህ ይኸው ወረቀት ነው" አልኩት። ኮፒው ለእሱም እንደሚደርሰው ሳሳየው ቀለል አለው።

ሚስትየው ግን ከሁለታችንም ቀድማ ቡክሌቱን ከፍታ ታነብ ነበር። "ይሄ ልጁን ይጎዳዋል ማለት ነው?" አለች። ተነስተን ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ሄድን። የድሮ መስኮት ሲከፈትና ሲዘጋ እንጨቱ ይፋተጋል። ቀለሙ እየተፈጨ ደፉ ላይ አቧራ ሆኖ ይቀመጣል። የሚድህ ልጅ እጁን እዚያ ያሳርፍና ወደ አፉ ይወስዳል። የምርመራውን ሰርተፊኬት አሳየኋት፣ ደፉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንደሚገባ ነገርኳት፣ ቀለም ተልጦ ካየች ሳትፍቅ እንድትደውልልኝ ተስማማን። እሷ ፓራፏን ያሳረፈችው ገብቷት ነው። እኔ ይህን በአማርኛ የማስረዳው ለደግነት ብቻ አይደለም፤ "ፈርም ሲለኝ ፈረምኩ፣ ምን እንደሆነ አላውቅም" የሚል ክርክር ፊርማን ያዳክማል። ቤት የተረጎምኩትን ወረቀት ግን አልሰጥም። የሚሰጠው መንግሥት ያሳተመው ነው።

ፖስታ ቤት የምሄደው በእጅ ማስፈረም ሳይመቸኝ ሲቀር ብቻ ነው። ሰርቲፋይድ ሜይል ሰዎች እንደሚያስቡት ሁሉን ቻይ አይደለም። ከፖስታው ጋር ሄዳ ተቀባዩ የሚፈርምባት አረንጓዴዋ ካርድ ስትመለስ የምትመሰክረው ፖስታው እንደደረሰ ነው። ውስጡ ምን እንደነበር አታውቅም። ባዶ ወረቀት ነው የመጣልኝ የሚል ተከራይ ቢነሳ ካርዷ መልስ የላትም። ስለዚህ የመከታተያ ቁጥሩን ደብዳቤው አናት ላይ ራሱ እጽፋለሁ። "ከዚህ ጋር የተያያዙት" ብዬ ሰነዶቹን በስም እዘረዝራለሁ። ከማሸጌ በፊት ሁሉንም ከፖስታው ጎን ደርድሬ ፎቶ አነሳለሁ። ካርዷ ስትመለስ ደግሞ ማን እንደፈረመ አያለሁ። አንዴ ለጥየቃ የመጣ የተከራዩ የአክስት ልጅ ፈርሞ አገኘሁት። ደውዬ ተከራዩ ራሱ "ደርሶኛል" ብሎ በኢሜይል እንዲጽፍልኝ አደረግሁ።

ሌላም ነገር አለ። ሰርቲፋይድ ሲባል ሰው ክስ ይመስለዋል። ፖስተኛው ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፎ ይሄዳል፣ ተከራዩ አይወስድም፣ ፖስታው "ያልተጠየቀ" የሚል ማህተም ተመትቶበት ወደ ላኪው ይመለሳል። ስለዚህ ከመላኬ በፊት እደውላለሁ። "በፖስታ የሚመጣልህ የእኔ ነው፤ ክስ አይደለም፣ የሊድ ወረቀት ነው።" ያም ሆኖ ከተመለሰ ፖስታውን አልከፍተውም። እንደታሸገ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። መክፈት ካስፈለገ ዳኛው ፊት ይከፈት።

ደግሞ ሁሉም ወረቀት ሰርቲፋይድ አይፈልግም። ኪራይ ሳይከፈል ሲቀር ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የሚሰጠው የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ለምሳሌ ሕጉ የፈቀደለት መንገድ ሌላ ነው። በተራ ፖስታ ልኮ የመላኪያ ሰርተፊኬት መያዝ ይቻላል። ሰርተፊኬቱ ፖስታ ቤት በትንሽ ገንዘብ ማህተም መትቶ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ መላክህን እንጂ መድረሱን አያሳይም፣ እዚህ ላይ ግን ይበቃል። በሩ ላይ መለጠፍም ይቻላል። እኔ የቤቱ ቁጥር አብሮ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። በኢሜይል ወይም በቴክስት የሚሆነው ግን ተከራዩ ራሱ በዚያ መንገድ ይሁንልኝ ብሎ ከመረጠ ነው። ስለዚህ የርክክብ ወረቀቴ ግርጌ ላይ ይህን የሚመርጥበት ቦታ አስቀምጫለሁ። የካውንቲው መመሪያ መጽሐፍም እንዲሁ ነው፤ የታተመውን አልፈልግም፣ ከድረ ገጹ አነባለሁ ያለ ተከራይ ይህንኑ ይፈርማል። ዋትስአፕ ላይ ሁለቷ ምልክት ሰማያዊ ስለሆነች ብቻ ሥራዬን ጨርሻለሁ የሚል አከራይ ካለ እግዜር ይሁነው።

ይህ ሁሉ ልፋት የከፈለኝ ከዚያ በኋላ በገባ ሌላ ተከራይ ጊዜ ነው። ሲወጣ የኩሽናው ካቢኔ በር ተገንጥሏል። ሜሪላንድ ውስጥ ከዲፖዚት የሚቆረጥ ካለ ዝርዝሩ በ45 ቀን ውስጥ በፖስታ መላክ አለበት። ላክሁ። እሱም ልክ እንደዚያ የወዳጄ ተከራይ "መብቴ በጽሑፍ አልተነገረኝም" ብሎ መልስ ጻፈ። የርክክቡን ወረቀት ስካን አድርጌ ላክሁለት፤ የዲፖዚት ደረሰኙ መስመር ላይ የራሱ ፓራፍ፣ ከታች ሙሉ ስሙ፣ ሰዓቱ ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ አልተጻጻፍንም። ሰውዬው ውሸታም ነው አልልም። ያን ቀን የተፈራረምነውን ሁሉ እኔም ብሆን በቃሌ አላስታውስም።

ፊርማው ግን ቤቱን አያስተካክልም። ቤቱ ምርመራውን ካላለፈ ወይም ምዝገባው ካልታደሰ መቶ ፓራፍ ቢሰበሰብ ፋይዳ የለውም። ፋይሌ ላይ ከላይ የሚቀመጠው የዓመቱ ምዝገባ ነው። ኪራይ አልተከፈለኝም ብሎ በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ለመክሰስ የሚሞላው ቅጽ ራሱ የኪራይ ፈቃዱን፣ የሊድ ምዝገባውንና የሰርተፊኬቱን ቁጥር ይጠይቃል። ከሱ ሥር ሰርተፊኬቱ፣ ከዚያ የርክክቡ ወረቀት፣ ከዚያ አረንጓዴ ካርዶቹ።

የሊዱን ቅጽ ሊዙ ከጀመረ 3 ዓመት፣ የዲፖዚቱን ደረሰኝ ኮፒ ተከራዩ ከወጣ 2 ዓመት ማቆየት ግዴታ ነው። እኔ ሁሉንም ስካን አድርጌ ከዚያም በላይ አቆያለሁ፤ ቦታ አይፈጅም። ምዝገባው የሚታደሰው እስከ ዲሴምበር 31 ነው። ለእሱና ለየ2 ዓመቱ ማስታወቂያ ስልኬ ላይ ማንቂያ ሞልቻለሁ። ዲሴምበር ሲገባ ሁሉም አከራይ ስለሚጣደፍ ማንቂያው የሚጮኸው ኖቬምበር ላይ ነው።