ከቱርቦው በፊት ዘይቱ

የቱርቦው ካርቶን ጋራዥ ውስጥ ስድስት ወር ሲቀመጥ ባለቤቴ የልጆቹን ጫማ ትደረድርበት ጀመር። ልትቀልድብኝ ነው እንጂ ምክንያቱን ታውቀዋለች።

መኪናዬ የ2013 ሱባሩ ቢአርዜድ ናት፤ 2.0 ሊትር ቦክሰር ሞተር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 200 የፈረስ ጉልበት። በጭስ ጋዝ ጉልበት እየተሽከረከረ ሞተሩ ውስጥ ተጨማሪ አየር የሚገፋውን ቱርቦ ገዝቼ ልገጥም ስል አንድ መካኒክ ወዳጄ «ለመሆኑ ዘይትህ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ የውሃውን እንጂ የዘይቱን ሙቀት አይናገርም።

ጌጅ ገጠምኩ። እዚህ ቨርጂኒያ ሀይዌይ ላይ በሰላም ስነዳ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ሐምሌ ላይ ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት ወስጄ መሮጫው ላይ ስለቃት ግን በአራተኛው ዙር 131 ገባ፤ ያውም ያለ ቱርቦ። ዘይቷ 0ደብሊው-20 ነው፣ ሲጀመርም ቀጭን። እንዲህ ሲግል ክራንክ ሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ከብሮንዚኑ፣ ማለትም ዘንጉ ከሚሽከረከርበት ማረፊያ፣ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ይሳሳል። ቱርቦ ሲጨመር ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚያለሰልሰው ይኸው ዘይት ነው፤ በጭስ ጋዝ የጋለውን አካል ዳብሶ፣ ትኩሳቱን ይዞ ሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ፣ ወደ ኮፓው ይመለሳል።

ስለዚህ የዘይት ማቀዝቀዣ ገዛሁ። በዘይት ፊልትሮውና በሞተሩ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ብረት ይገባል፤ ከሱ ሁለት ቱቦ ወጥቶ ባምፐሩ ኋላ፣ ራዲያተሩ ፊት ወደተቀመጠው ማቀዝቀዣ ይሄዳል። የዚህ ሞተር ፊልትሮ ከላይ በኩል በመሆኑ መኪናዋ ሥር መጋደም አላስፈለገኝም። ስጨርስ መጀመሪያ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅዬ የዘይት ግፊቱ እስኪነሳ ሞተሩ ሳይነሳ በማስነሻው ብቻ አስመታኋት፤ ከዚያ ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ የጠጡትን 0.7 ሊትር ያህል ጨመርኩ።

የቀጣኝ ቁጠባዬ ነው። ርካሹን፣ ቴርሞስታት (ዘይቱ እስኪሞቅ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋ ክዳን) የሌለውን ብረት ነበር የገዛሁት። በበጋው ኮራሁበት፤ 131 የነበረው 108 ሆነልኝ። ኅዳር ላይ ግን ሥራ ስሄድ ሃያ ደቂቃ ነድቼም ዘይቱ ከ60 አያልፍም። አንድ ጠዋት የዘይቱን ክዳን ብከፍተው ውስጡ እንደ ማኪያቶ አረፋ ያለ ክሬም ለብሷል። ዘይት በደንብ ካልሞቀ ውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትና ነዳጅ ተንኖ አይወጣም። ለጊዜው ማቀዝቀዣውን በካርቶን ጋረድኩት፣ ቆይቼም 82 ዲግሪ ላይ የሚከፈት ቴርሞስታት ያለውን ገዛሁ። ሁለት ጊዜ ከፈልኩ ማለት ነው።

ያን ስቀይር ሌላ ጉድ አየሁ። የብረት ሹሩባ የለበሰው ቱቦ የራዲያተሩን መያዣ ጠርዝ እንደ ሞረድ እየፋቀ ቀለሙን ልጦታል፤ ሹሩባውም ሁለት ሦስት ቦታ ተበጥሷል። መንገድ ላይ ቢቀደድ ኖሮ ሞተሩ ያለውን ዘይት በሴኮንዶች ይተፋው ነበር። ቱቦውን ቀየርኩ፣ የሚነካበት ቦታ ሁሉ ላይ ወፍራም ጎማ ሰንጥቄ አልብሼ አሰርኩት። አሁንም ዘይት በቀየርኩ ቁጥር በእጄ እየዳበስኩ አየዋለሁ።

ቱርቦው የተገጠመው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ በ0.5 ባር የአየር ግፊት ብቻ። ዘይቱ በዚያው መሮጫ 117 ላይ ይቆማል። አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን መጣ፦ ማቀዝቀዣው ራዲያተሩ ፊት ስለተቀመጠ የሞቀ አየር ይልክበታል፤ ድሮ ንቅንቅ የማይለው የውሃው መርፌም በሰባተኛው ዙር ላይ ከፍ ማለት ጀምሯል።