ውርጭና የአባት ስም

ህዳር ደብረ ብርሃን ሲገባ ላብራቶሪውና ፍሪዘሩ አይለያዩም። ዛሬ ጠዋት ሰው ማናገር አላሰኘኝም፤ የድሮውን የባክቴሪያ ሳጥን አውጥቼ መደርደር ጀመርኩ። ቱቦዎቹ ውርጭ ለብሰዋል። አንዱን በአልኮል ጠረግ ባደርገው ውርጩም የማርከሩ ቀለምም ተያይዘው ሄዱ። (የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእርሳስ ጻፉ፤ እርሳስን አልኮል አይነካውም።) የተረፈችው «ስፊንጎ» የምትለዋ ብቻ ናት። ልሞላት ስል እጄ ቆመ። ስፊንጎ ምን?

የዚህ ወገን ስም መቼ ረግቶ ያውቃል። ግራም ኔጌቲቭ (በግራም ማቅለሚያ ቀይ የሚሆን) ከሆነ፣ ዘንግ ከመሰለና በጅራቱ ከዋኘ፣ ድሮ ሱዶሞናስ መባሉ አይቀርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 ስፊንጎሞናስ ተባለ፤ በ2001 ያም ለአራት ጂነስ (የቅርብ ዝርያዎች ስብስብ) ተከፈለ። ሊንዴን የተባለውን የተባይ መርዝ የሚበሉት ሦስቱ፣ የጃፓኑ፣ የህንዱና የፈረንሳዩ፣ ስፊንጎሞናስ ፖሲሞቢሊስ በሚል አንድ ስም ሲጠሩ ኖረው በ2005 ተለያዩ፦ ስፊንጎቢየም ጃፖኒከም፣ ኢንዲከም፣ ፍራንሴንሴ። ዲኤንኤያቸው እርስ በርስ ሲዛመድ 70 በመቶ አልሞላም።

ቱቦው ውስጥ ያለው የኔ ቢጫ ባክቴሪያ ደግሞ የ16ኤስ ንባብ ብቻ ነው ያለው። 16ኤስ ባክቴሪያ የሚለይበት፣ ወደ 1,500 የዲኤንኤ ፊደል ያለው ጂን ነው፤ ጂነሱን ይነግራል፣ ዝርያ ላይ ሲደርስ ይንተባተባል። ከታወቀ ዝርያ ጋር መመሳሰሉ ከ98.65 በመቶ በታች ከሆነ ሌላ ዝርያ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምንም አልተባለም፤ ሙሉ ጂኖሙ ተነብቦ አማካይ መመሳሰሉ 95 ወይም 96 በመቶ መድረሱ መታየት አለበት። ከመረጃ ቋቱ አናት ላይ የመጣውን ስም ቀድቶ መለጠፍማ የሰነፍ ሥራ ነው። ያን ስም ያስገባውም ሰው ከሌላ ቀድቶ ሊሆን ይችላል። የሚነጻጸረው ከዝርያው ዋና ናሙና ጋር ነው።

ንባቡም ቢሆን እዚህ ከፍታ ላይ ወጥመድ አለው። ቢጫ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) ልካችሁ ባሲለስ፣ ማለትም ሌላ ባክቴሪያ፣ ነው ተብሎ ከተመለሰ፣ ከመማረራችሁ በፊት አውቶክሌቩን (በእንፋሎት ግፊት ማምከኛውን) እዩ። መመሪያው የሚለው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የተጻፈው ለባህር ጠለል ነው። 2,800 ሜትር ላይ ያው 15 የሚሰጠው ወደ 116 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 121 ለመድረስ ጌጁ 19 አካባቢ መድረስ አለበት። ማሽኑ ካልቻለ አታስጨንቁት፣ ሰዓቱን አርዝሙ። አለበለዚያ ሙቀት የሚችለው የባሲለስ ስፖር ከአጋሩ (ባክቴሪያ ከሚያድግበት ጄል) ጋር አብሮ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ውሃውም እዚህ ከ90 ብዙም ሳያልፍ ይፈላል፤ ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ዲኤንኤው እንዲወጣ ኮሎኒውን ለመሰባበር በፈላ ውሃ ከመንከር ክዳኑ ተዘግቶ ፒሲአር ማሽኑ (ዲኤንኤ የሚያባዛው) ውስጥ በ95 ዲግሪ 10 ደቂቃ ማቆየት ይሻላል። በስቴኪኒ ጫፍ ነካ ማድረግ ይበቃል፤ ብዙ ከተጨመረ ፒሲአሩ እምቢ ይላል።

እሺ፣ ስሙ ተገኘ እንበል። ስሙ ምን ይነግረኛል? ሊንዴን የሚፈጩት ጂኖች ብዙዎቹ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ የተቀመጡ፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዘሉ ናቸው። 16ኤስ የአባት ስም ነው፤ ሙያው ግን ከአባት የመጣ አይደለም፣ ከጎረቤት የተዋሰው ነው። የተዋሰውንም ይጥላል፦ ሊንዴን የሌለበት፣ ምግብ የሞላበት አጋር ላይ ደጋግማችሁ ስታሳድጉት ጂኑ ሳታውቁት ይጠፋል። መልኩ ያው፣ ስሙ ያው፣ ሥራው የለም። ማረጋገጫው ፕሌቱ (የአጋሩ ሳህን) ነው። ሊንዴን በአሴቶን አሟሙታችሁ አጋሩ ላይ ስትረጩት ነጭ ጉም ይሆናል፤ የሚበላው ኮሎኒ ዙሪያውን ያጠራዋል። የማይበላው ጉሙ መሃል ጉብ ብሎ ይቀመጣል፣ ቢጫነቱን ይዞ።

ታዲያ ቱቦው ላይ መጻፍ ያለበት ዘሩ ነው ወይስ የሚበላው? ዘሩ አይጠፋም ግን አይጠቅመኝም። የሚበላው ይጠቅመኛል፣ ግን ነገ ሊተወው ይችላል።

እጄ ረጠበ። ቱቦው ውስጥ ያለው ቀልጧል። በሉፕ (በሽቦ ቀለበት) ጫፍ ከላይ ፍቃችሁ ውሰዱ እንጂ አታቅልጡ እያልኩ ተማሪ የምቆጣው እኔው ነኝ።

ፕላስተር ቆርጬ ለጠፍኩበትና በእርሳስ «ቢጫው» ብዬ ጽፌ መለስኩት።